ታክስ ሰሪያችሁ ስሙን ፎርሙ ላይ ካልጻፈ እንዳትከፍሉት

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። በተለይ አዲስ የተጋባችሁ አንብቡት።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ እነዚህን ታክስ ሰሪዎች ታውቋቸዋላችሁ። ጃንዋሪ ላይ ብቅ ብለው ከኤፕሪል በኋላ ስልክ የማያነሱ። ቡና ያስቀርባሉ፣ "ሪፈንዱን ለኔ ተዉት" ይላሉ፣ ከታክስ የሚመለሰውን ገንዘብ ማለታቸው ነው።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ዲሴምበር 2024 ነው። እሱ ከበፊት የወለዳት ልጅ አለችው፣ አብራን ነው የምትኖረው። ለብቻው ሲያሳድጋት ታክሱን በሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ፣ ማለትም ትዳር ሳይኖረው ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር ሰው፣ ያሠራ ነበር፤ ያኔ ልክ ነው። ዲሴምበር 31 ላይ ባለትዳር የሆነ ሰው ግን ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ዓመቱን ሙሉ ባለትዳር ነው። አብረው እየኖሩ ምርጫው ጆይንት (ባልና ሚስት አንድ ላይ መሙላት) ወይም ባለትዳር ሆኖ ለየብቻ መሙላት ብቻ ነው።

ታክስ ሰሪያችንን ጠይቄዋለሁ። "ተጋብተናል እኮ፣ ጆይንት አይደለም እንዴ?" አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። ወደ ባለቤቴ ዞሮ "እመቤቲቱ አገሩን ገና አልለመደችውም" ብሎ ሳቀ። የባለቤቴን በሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ፣ የኔን በሲንግል (ያላገባች ብሎ) ላከው። በጆይንት ታክስ ሳይከፈልበት ከገቢያችን የሚቀነሰው 29,200 ዶላር ነበር፤ ሰውየው ለባለቤቴ 21,900፣ ለኔ 14,600 አድርጎ ሪፈንዱን አሳበጠው። ሁለት ፋይል ስለሆነም ሁለት ጊዜ አስከፈለን። 350 ለባለቤቴ፣ 350 ለኔ፣ በካሽ፣ ያለ ደረሰኝ።

አሁን ከአይአርኤስ ደብዳቤ መጣ። የወሰዳችሁትን ትርፍ ገንዘብ ከነወለዱ መልሱ ይላል።

ሰውየው ስልክ አላነሳም፤ በአካል ሄድን። ተቀመጡ እንኳ አላለንም። የሞላልንን ፎርም ተቀብሎ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠና ከታች በኩል ጣቱን አሳረፈ። የአዘጋጁ ስም የሚጻፍበት ቦታ ነው። ስም የለም፣ ፒቲን የሚባለው የታክስ ሰሪዎች መለያ ቁጥር የለም። "ሰልፍ ፕሪፔርድ" ይላል።

"ራሳችሁ ናችሁ የሞላችሁት" አለን። እዚያው በሞላልን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ!

ባለቤቴ "ወንድሜ፣ እዚህች ወንበር ላይ አልነበርኩም?" ሲለው "ደረሰኝህን አምጣ" አለው። ወዲያው ስልኩ ጠራ። ይሄንን አነሳው። እየሳቀ "አቤት፣ እንዴት ናችሁ" ይላል፣ በእጁ በሩን እያሳየን። ቡና ያቀረበችልን ልጅ አንገቷን ደፋች።

ፎርማችሁ ከመላኩ በፊት ሁለተኛውን ገጽ እዩ። የተከፈለው ሰው ስሙንና ፒቲኑን የማስፈር ግዴታ አለበት። ገቢያችሁ አነስ ያለ ከሆነ ቪታ የሚባለው የአይአርኤስ ፕሮግራም ታክሳችሁን በነጻ ይሠራል። በሰውየው ላይ ለአይአርኤስ ቅሬታ የሚቀርበው በ14157 ፎርም ነው፤ የኛን ዛሬ ማታ እንልከዋለን።