ሐዋሳ ላይ ቴአትር የሚገባበት የኪራይ አዳራሽ፦ ለሚሠራበት ተዋናይ ምን ያህል ይመቻል?

ስለ ሐዋሳ አዳራሾች ሲነሳ የሚወራው ስለ ወንበሩ፣ ስለ መኪና ማቆሚያውና ስለ ሠርግ ማስጌጫው ነው። እዚህ የምንመዝነው መድረኩ ላይ የሚቆመው ሰው እንዴት እንደሚሠራና ምን ይዞ እንደሚመለስ ነው። የመረጥነው መሃል ከተማ ያለ አንድ የግል አዳራሽ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ቡድኖችም የከተማው ወጣት ተዋንያንም ይከራዩታል። ስሙን አንጠቅስም፤ የምንዘረዝረው ጉድለት የእሱ ብቻ አይደለምና። አዳራሹ ለተመልካች ደህና ነው። ተዋናይ ግን ሳይዘጋጅ ሊገባበት አይገባም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሕንጻው ይልቅ ክፍያው የሚሰላበት መንገድ ነው።

መድረኩ የተሠራው ለስብሰባ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ሩጫ፣ ድብድብ ወይም ጭፈራ ባለበት ቴአትር ላብ ጠብ ሲል ያንሸራትታል። አዳራሹ የሚያነጥፈው ቀይ ምንጣፍ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ጠርዙ ስላልተጣበቀ እግር ይጠልፋል፣ ከሴራሚኩ ጋርም አብሮ ይንሸራተታል። ምንጣፉን አስነስቶ የራስን የላስቲክ ንጣፍ ማንጠፍ፣ ዙሪያውንም በሰፊ ፕላስተር ማጣበቅ ይሻላል። መግቢያና መውጫው በግራ በኩል ያለው አንድ በር ብቻ ነው። በቀኝ ወጥቶ በግራ የሚመለስ ገጸ ባሕርይ ካለ፣ ከኋላ መጋረጃውና ከግድግዳው መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት መኖሩን ቀድሞ መለካት ያስፈልጋል፤ አልባሳቱ ሰፊ ከሆነ 70 ሴንቲ ሜትር አይበቃም። በቀኝ በኩል መደበቂያ ስለሌለ 2 ሜትር ከፍታ ባለው የእንጨት ፍሬም ላይ ጥቁር ጨርቅ ወጥሮ መምጣት ግድ ነው።

የልብስ መቀየሪያው አንድ ክፍል ነው፤ ለወንድም ለሴትም። መስታወቱ አንድ፣ ሶኬቱ አንድ፣ መጸዳጃው ከተመልካቹ ጋር የጋራ ነው። በሜካፕና በአልባሳት ሆኖ በተመልካች መሃል አልፎ መጸዳጃ መሄድ ቴአትሩን ገና ሳይጀመር ይገድለዋል። ክፍሉ መስኮት ስለሌለው የኋላ በሩ ይከፈታል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ በዚያ በር ከሐይቁ በኩል ትንኝ ይገባል፣ የሜካፕ አምፖሉም ይጠራዋል። የወባ ስጋት ባለበት ከተማ ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት አይገባም። አንድ ማራገቢያና በበሩ ልክ የተቆረጠ የአጎበር ጨርቅ ይበቃል። ለሴት ተዋንያን ደግሞ የአዳራሹን ቢሮ ለአምስት ሰዓት ያህል ማስለቀቅ ይቻላል፤ በውሉ ካልተጻፈ ግን በዕለቱ ቁልፉን የያዘው ሰው አይገኝም።

መብራቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ቴአትር የሚበላሸው እዚህ ነው። አዳራሹ አለኝ የሚለው ከፊት ለፊት የተሰቀሉ ጥቂት ፓር የሚባሉ የመድረክ መብራቶችን ነው። የድሮው ዓይነት ፓር እያንዳንዱ 1,000 ዋት ይስባል። 12 ተከራይቶ መጨመር ማለት 12,000 ዋት፣ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 55 አምፔር ማለት ነው። የመድረኩ መስመር ባለ 32 አምፔር ብሬከር ከሆነ ሁሉም አብረው በበሩበት ትዕይንት ይወርዳል፤ ያም ብዙውን ጊዜ የቴአትሩ ጡዘት ላይ ነው። መፍትሔው ብሬከሩን ማሳደግ አይደለም፤ ሽቦው ካልተቀየረ ቃጠሎ ያመጣል። ኤል ኢ ዲ ፓር መከራየት ይሻላል፤ አንዱ ከ200 ዋት በታች ስለሚስብ ያው 12 መብራት ከ11 አምፔር አያልፍም። ድምፁንና መብራቱን ከአንድ ሶኬት ላይ መሰካትም ሞንታርቦው ውስጥ እዝዝ የሚል ድምፅ ያመጣል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ተዋናይ በጨለማ እንዳይንቀሳቀስ በልምምድ መስማማት፣ ከመድረኩ ጠርዝም ነጭ ፕላስተር መለጠፍ ያስፈልጋል።

ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ከሥሩም ስስ ኮርኒስ አለው። በክረምት ዝናብ ሲወርድ ያለ ማይክ የሚናገር ተዋናይ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ አይሰማም። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ የሚገባ ቡድን የጆሮ ማይክ መከራየት አለበት፤ ያለዚያ ተዋንያኑ ሲጮኹ አምሽተው በማግስቱ ድምፃቸው ይዘጋል።

የአዳራሹ ሰዎች ትሑትና ፈጣን ናቸው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። «ሙሉ ቀን» ተብሎ የተከራየ አዳራሽ ጠዋት የስልጠና ስብሰባ ይዞ ይገኛል፣ የሚለቀቀውም ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ቴአትሩ 11 ሰዓት ከሆነ የሚቀረው አራት ሰዓት ነው። መድረክ ለማቆም አንድ ሰዓት ተኩል፣ መብራትና ድምፅ ለማስተካከል አንድ ሰዓት፣ መግቢያና መውጫን ብቻ ለመለማመድ ግማሽ ሰዓት፣ ለሜካፕና ለልብስ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ወንበር መልሶ መደርደርና ተመልካች ማስገባት ሲታከልበት ምግብ የሚባል ነገር የለም። ውሉ ላይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ባዶ አዳራሽ» ተብሎ ይጻፍ፤ ለዘገየው ሰዓት ከኪራዩ የሚቀነሰው ገንዘብም ከጎኑ ይቀመጥ።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ቡድን ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን ቢያቀልለውም ሌሊት ተነስቶ በዕለቱ መሥራት አይመከርም። አዳማ ቢሆን 100 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልስ ይቻላል፤ ሐዋሳ ላይ ግን አንድ ቀን ቀድሞ ማደር የሥራው አካል ነው፣ የአዳር አበልም ሊከፈልበት ይገባል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ንግሥ ሰሞን፣ አልጋ ይወደዳል፣ ይጠፋልም፤ በፍቼ ጨምባላላ ሰሞንም እንደዚያው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በክልል ጉዞ የተለመደው አሠራር «ከወጪ ቀሪ» ነው፦ የትኬቱ ገቢ ይሰበሰባል፣ ወጪው ይነሳል፣ የተረፈው ለፕሮዲዩሰሩና ለተዋንያኑ ይካፈላል። አካሄዱን ለማሳየት በክብ ቁጥር እናስላው፤ የገበያው ዋጋ እንደ ጊዜው ይለዋወጣል። ትኬቱ 300 ብር፣ የገባው ሰው 300 ቢሆን ገቢው 90,000 ብር ነው። አዳራሽ 20,000፣ ድምፅና መብራት 10,000፣ ፖስተርና የቅስቀሳ መኪና 8,000፣ መኪና ከነነዳጁ 24,000፣ አልጋና ምግብ 12,000፤ ድምሩ 74,000። የሚተርፈው 16,000 ነው። ግማሹን ፕሮዲዩሰሩ ወስዶ ቀሪው ለስምንት ተዋንያን ሲደርስ ለአንድ ሰው 1,000 ብር ይሆናል፤ ያውም የጉዞው፣ የአዳሩና የሥራው ቀን ተደምሮ። ስድሳ ሰው ከቀረ ገቢው 72,000 ይሆንና ተዋናዩ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይህ አሠራር ፍትሐዊ አይደለም። ቀኑን የመረጠው፣ አዳራሹን የተከራየው፣ ትኬቱን የሚሸጠው ተዋናዩ አይደለም፤ ኪሳራው ግን ከሁሉ አስቀድሞ እሱ ላይ ያርፋል። የአዳራሹ ባለቤት፣ ሹፌሩና የሞንታርቦ አከራዩ ሰው መጣም አልመጣም ይከፈላቸዋል። ተዋናዩም እንደነሱ በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። ከላይ ባለው ስሌት ለአንድ ሰው 1,500 ብር መነሻ ክፍያ ቢታሰብ ለስምንቱ 12,000 ነው። በ300 ተመልካች 4,000 ይተርፋል፤ ግማሹ ሲካፈል ለአንዱ 250 ታክሎ 1,750 ያገኛል። በ240 ተመልካች ደግሞ ተዋናዩ 1,500ውን ይዞ ይሄዳል፣ የ14,000 ብር ኪሳራውን ስጋቱን የመረጠው ፕሮዲዩሰር ይሸከማል። ክፍያው በቀን ሳይሆን በትርኢት ይሰላ፤ 8 ሰዓትና 11 ሰዓት ሁለት ጊዜ አሠርቶ የአንድ ቀን ብቻ መክፈል በክልል ጉዞ የተለመደ ነው። ገቢውን ለማመን ትኬቱ ተራ ቁጥር ያለውና ጉርድ የሚቀርበት ይሁን፤ ጉርዱን ከተዋንያኑ አንዱ ተወክሎ እዚያው ማታውኑ ይቁጠር።

ሕጉ የት ድረስ እንደሚያግዝ ማወቅም ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ይህ የሚሠራው ለተቀጠረ ሰው ነው። ለአንድ ጉዞ የሚፈርም ተዋናይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ራሱን ችሎ አገልግሎት ሰጪ ይታያል፤ ከአዋጁ ውጭ ይወድቅና የትርፍ ሰዓቱም፣ በሥራ ላይ የሚደርስበት ጉዳት ሕክምናም ውሉ ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የመድረክ ማፍረሻው ሰዓት ስንት እንደሚከፈልበትና ቁርጭምጭሚቱ ቢወልቅ ማን እንደሚያሳክመው ሁለት መስመር ይጻፍ። ክፍያውም ግማሹ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ግማሹ መጋረጃው ሳይከፈት በባንክ ይግባ።

የመጨረሻው ካሜራው ነው። አዳራሹ በኪራዩ ውስጥ «ነጻ የቪዲዮ ቀረጻ» ብሎ ያቀርባል፣ ብዙ ቡድንም በደስታ ይቀበለዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 የትርኢቱን ቀረጻና ስርጭት የመፍቀድ መብት ለከዋኙ፣ እዚህ ላይ ለተዋናዩ፣ ይሰጣል። ቀረጻው ለቡድኑ ማኅደር ብቻ ከሆነ ይህ በውሉ ይገለጽ፤ ዩቲዩብ ወይም ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከመድረኩ ክፍያ የተለየ ዋጋ ተጽፎ፣ እያንዳንዱ ተዋናይ ለየብቻው ይፈርምበት። ፊርማው ሳይሟላ ካሜራው እንዳይበራ ለአዳራሹ ኃላፊ አስቀድሞ ይነገር።