ሻንደሊየሩን አትግዛ ላለኝ መብራት ሠራተኛ

ጎንደር ላይ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል። ከከተራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ዘመድ ከየአቅጣጫው ይገባል፣ ፍራሽ ይዘረጋል፣ ሳሎኑ ሳሎንነቱ ይቀራል። እናቴ ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ «ይህ ቤት ጨለመብኝ» ትላለች። እኔም እንግዳው ሳይመጣ ትልቅ ሻንደሊየር ልሰቅል ቆረጥኩ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ሁሉ ተነጋግሬ ነበር።

የሚሰቅልልኝ ሰው ስፈልግ ጎረቤቴ አንድ ልጅ ጠቆመችኝ። በቀጠሮው ማግስት መጣ። (ምስጋና ቢሆንም ይህም ይመዝገብ።) ካቻቢቴውን ሳያወጣ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ተነስቶ ሌላው ላይ ተቀመጠ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ አዳረሳቸው። ቡና እስኪፈላ ጊዜ እየገደለ መስሎኝ ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ የት ነው የሚቀመጡት?»

እናቴ ወደ መስኮቱ የዞረችውን ወንበሯን አሳየችው። ዳዊቷን የምትደግመው እዚያ ነው። ቀን ቀን የመስኮቱን ግማሽ ቡፌው ይጋርድባታል። ማታ ደግሞ የኮርኒሱ አምፖል ከጀርባዋ ስለሆነ፣ መጽሐፉን ስትገልጥ የራሷ ጥላ ገጹ ላይ ያርፋል። ልጁ መዳፉን ገጹ ላይ ዘርግቶ ጥላውን አሳየኝ። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር አላየሁትም።

«መብራት አላነሰባችሁም፣ ያለ ቦታው ነው» አለኝ። «ሻንደሊየሩን አትግዛው። ከላይ ብታበረታውም ጥላው አይጠፋም።»

መጀመሪያ ቡፌውን ገፋን። ለዚህ አንድ ብርም አልወጣም፣ ወገቤ ብቻ ነው የከፈለ። ከዚያ ከእናቴ ትከሻ ጎን አንዲት ትንሽ የግድግዳ መብራት ለብቻዋ ማብሪያ ማጥፊያ ተሠራላት። ብርሃን ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር አራት እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ ቅርብ ያለች ትንሽ አምፖል ሩቅ ያለውን ትልቅ ታስንቃለች። ሌላ አንድ መብራት ቡፌው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጠ። ዓይን አይወጋም፣ ግድግዳው ራሱ ነው የሚያበራ።

አምፖሉንም ቀየርን። የእኛው 6500 ኬልቪን የሚል፣ ሱቅ ውስጥ «ዴይላይት» የሚሉት ነጭ ነበር። አሁን 3000 ኬልቪን ነው፣ «ዋርም» የሚሉት። ብዙ ሰው ነጩ የበለጠ የሚያበራ ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ኬልቪን የሚናገረው ስለ ቀለሙ ነው። ድምቀቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚለውን እዩ። የ9 ዋት ኤልኢዲ ወደ 800 ሉመን ይሰጣል፤ የድሮው የ60 ዋት አምፖል ያህል ማለት ነው።

እናቴ ግን በመጀመሪያ አልወደደችውም። «ይሄማ ኩራዝ ነው» አለች።

«እማማ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲገቡስ ጨለመኝ ይላሉ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!»

«እዚያም እኮ ብርሃኑ ከጎን ነው የሚገባ።»

ሥላሴን ከጠራባት በኋላ ምን ትበል? ዝም አለች።

ኮርኒሱን ሲከፍት የሚያስደነግጥ ነገር አገኘ። ከዚህ በፊት የሠራልን ሰው ሽቦዎቹን ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሏቸው ኖሯል። ናስትሮው ጠቁሮ ነበር። ልጁ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ አሠረው። ምንጣፍ ስር የቀበርነውን የቴሌቪዥን ገመድም አወጣው፤ እየረገጥነው ነው የኖርነው። ለዚህ ተጨማሪ አልጠየቀኝም። የሌላውንም ሰው ሥራ አላማም። እኔ ነኝ ያማሁት።

ሶፋዎቻችን አራቱም ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነበር፣ ልክ እንደ ልቅሶ ቤት። ሁለቱን ወደ ረከቦቱ አስጠጋናቸው። አሁን ቡና ሲጠጣ ሰው ሳይጮህ ይደማመጣል።

ጠቅላላ ወጪው ለሻንደሊየሩ ካሰብኩት ከግማሽ በታች ነው። አምፖሎቹን ራሴ እንድገዛ አድርጎ ደረሰኙን እኔው ያዝኩ። ለጥምቀት ከባሕር ዳር የመጣችው አክስቴ ገና ከበሩ «ቀለም ቀባችሁ እንዴ?» አለች። ያው የድሮው ቀለም ነው። እናቴ ደግሞ አሁን የኮርኒሱን መብራት ሳበራ «አጥፋልኝ፣ ያችኛዋ ትበቃኛለች» ትለኛለች።

ጎንደር ውስጥ የምትፈልጉት ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ልጁን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ቀጠሮውን አንድ ቀን ጨምራችሁ አስቡት። ሲመጣ ደግሞ ወንበር ሁሉ ላይ ከተቀመጠ አትገረሙ፣ ሥራ ጀምሯል።