ፕሬድኒሶሎን ወይስ ዴክሳሜታዞን?

እዚህ ደሴ፣ የጦሳ ብርድ ሲጠና ወደ ፋርማሲያችን "የአስም ኪኒን ስጠኝ" እያለ የሚመጣው ሰው ይበዛል። በዚህ ስም የሚጠየቁት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ሁለቱም ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሚያመነጩትን የኮርቲሶል ሆርሞን ሥራ ይሠራሉ፤ ጉልበታቸው ግን አይገናኝም። የ5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎንን ሥራ 0.75 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ይሠራዋል።

ዋናው ልዩነት ቆይታቸው ነው። ፕሬድኒሶሎን ከ12 እስከ 36 ሰዓት ይቆያል። ጠዋት ከቁርስ ጋር ሲወሰድ ከሰውነት የተፈጥሮ ሰዓት ጋር ስለሚስማማ ለረጅም ሕክምና እኔ እሱን እመርጣለሁ። ዴክሳሜታዞን ከ36 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ዕጢዎቹን አጥብቆ ያስተኛቸዋል። በአንጻሩ ጨውና ውሃ በሰውነት አያስቀርም ማለት ይቻላል፤ አንጎል ውስጥ በሚበቅል ዕጢ (ቲዩመር) ምክንያት ለሚመጣ የአንጎል እብጠት የሚመረጠውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኦክስጅን ያስፈለጋቸውን የኮቪድ ሕሙማን ሞት የቀነሰውም በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ነበር።

ለመወፈር ብላችሁ ዴክሳ የምትውጡ እህቶቼ፣ እባካችሁ ተዉት! ፊታችሁ የሚሞላው በጤና አይደለም፤ ስኳርና ደም ግፊት ይከተላል፣ አጥንት ይሳሳል። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ በአንዴ አያቁም፤ የተኛው ዕጢ እስኪነቃ ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስለት።