አባቴን ከሬዲዮው ጋር ላስታረቀው የሽምብጥ ሰፈር ወጣት ባለሙያ

በአፍ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ብቻ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያላችሁ፣ በተለይም የአማተር ሬዲዮ መቀበያ የሚያዳምጥ አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባቴ በወጣትነታቸው የቴሌግራፍ ኦፕሬተር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግላኮማ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደባቸው። ጋዜጣው ቀረ፣ ቴሌቪዥኑም ቀረ። ማታ ማታ በ7 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በየአገሩ ያሉ አማተሮች፣ ማለትም ሬዲዮን ለፍቅሩ ብለው የሚጠቀሙ ሰዎች፣ በሞርስ (በአጭርና ረጅም ድምፅ በሚጻፍ ፊደል) ሲነጋገሩ መስማት ግን አልቀረም። እኔ ጢጥ ጢጥ ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ እሳቸው የላኪውን እጅ ለይተው «ይህ ሰውዬ ትናንትም ነበር» ይላሉ።

ባለፈው ክረምት ከጣና በኩል ከባድ መብረቅ ከወረደበት ሌሊት ወዲህ ሬዲዮው ተበላሸ። እሽሽ ይላል እንጂ ሰው የለበትም። አባቴ ማዞሪያውን እስከ እኩለ ሌሊት ሲያዞሩ በበሩ ስንጥቅ አያቸው ነበር።

ሆዴን ያቃጠለኝን ሳልናገር አላልፍም። የመጀመሪያው ጥገና ቤት ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «ይህ ለሙዚየም ነው፣ ስልክ ግዙላቸው» አለን፤ አባቴ አጠገቤ ቆመው እየሰሙ። ሁለተኛው ሰባት ሳምንት አስቀምጦ፣ 2,800 ብር ተቀብሎ «አሁን ድምፁ ጨምሯል» ብሎ መለሰልን። እውነት ነው ጨምሯል፤ የጨመረው ግን ያው እሽታ ነው። ከኋላው ካሉት አራት ብሎኖችም ሁለቱ የሉም። ሦስተኛው ችግሩ አንቴናው ነው ብሎ አዲስ ሽቦ ሸጠልን፤ ሽቦው ዛሬም ጓሮ ልብስ ይሰጣበታል። የማንንም ስም አላነሳም። ብሩ አይደለም ያሳዘነኝ፤ አባቴ «በቃ ተይው ልጄ» ማለት መጀመራቸው ነው።

ወደ ሽምብጥ ያመላከተን አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ሱቋ ጠባብ ናት። ባለሙያው ልጅ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ የነበረ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሩሲያ ፊደል የተጻፈበት ከባድ ሣጥን አለ፤ ሲግናል ጄኔሬተር ይባላል፣ ከአሮጌ ዕቃ ጨረታ ነው የገዛው። ፖሊ ቴክኒካችን በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ስለሆነ እንዲህ ያለው ዕቃ ለከተማችን እንግዳ አይደለም፤ አባቴም ሣጥኑን በእጃቸው ሲዳስሱ «ይህን ዓይነቱንማ አውቀዋለሁ» አሉ።

ልጁ መጀመሪያ ያደረገው አንቴናውን መንቀል ነው። እሽታው ምንም አልቀነሰም። «አያችሁ፣ አንቴናው ሲነቀል ድምፁ ካልቀነሰ ሬዲዮው ከውጭ ምንም እየሰማ አይደለም፤ የሚያሰማችሁ የራሱን ድምፅ ነው። ማስጮህና መስማት የተለያዩ ናቸው» አለን። በሦስት ቤት ያልተነገረንን በአንድ ደቂቃ ነገረን። ከዚያ ልኩ የታወቀ ደካማ ምልክት ከሣጥኑ በገመድ እያስገባ ለካው። መብረቁ መግቢያው ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ክፍል አቃጥሎ ኖሯል፤ ከዚህ በላይ እኔን አትጠይቁኝ።

በሦስተኛው ቀን ተጠርተን ሄድን። ያችን ሰዓት መቼም አልረሳትም። ልጁ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለአባቴ አደረገላቸው፣ ሌላውን ለራሱ አጠለቀ። «አባባ፣ እኔ እየቀነስኩ እሄዳለሁ፤ ሲጠፋብዎት እጅዎን ያንሱ» አላቸው። ማዞሪያውን ቀነሰ። ደግሞ ቀነሰ። «እኔ ጠፋብኝ» አለ። አባቴ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው «አለ» አሉ። አሁንም ቀነሰ። «አለ።» ሱቁ ጸጥ አለ፣ ለመግዛት የገባ ሰው እንኳን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሣ። ልጁ ሣጥኑን አየና ሳቀ፤ «አባባ፣ ከእኔ በጣም ርቀው ሄደዋል» አላቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ «አያዩም» ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊታቸውን ብታዩት!

በሜትርም ለክቶ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ አለች፦ «7.030 ሜጋ ኸርዝ። በፊት 22 ማይክሮቮልት፣ አሁን 0.5።» ማይክሮቮልት የቮልት አንድ ሚሊዮነኛ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሬዲዮው ደካማውን ይሰማል ማለት ነው። 900 ብር ብቻ ተቀበለን። ለመለኪያው ስንጠይቀው «የለኩት አባባ ናቸው» ብሎ እምቢ አለ። የጎደሉትንም ሁለት ብሎኖች ከራሱ አስገብቷል። ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት አንቴናውን እንድንነቅልም አጥብቆ አስጠነቀቀን፤ እናንተም ንቀሉ።

ስሜን አትጻፊው ስላለኝ አልጻፍኩትም። ሽምብጥ ወርዳችሁ «ሬዲዮ የሚለካው ልጅ» በሉ፣ ያሳዩአችኋል። እባካችሁ ሂዱ። አሮጌ ነው የተባላችሁትንም፣ ጣሉት የተባላችሁትንም ይዛችሁ ሂዱ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ እናትህ ትባረክ።

በዚያው ማታ እራት እያቀረብኩ ሳለ አባቴ ከክፍላቸው ጠሩኝ። መዳፌን ያዙና በጣታቸው መታ መታ አደረጉበት፤ ረጅም አጭር ረጅም አጭር፣ ረጅም ረጅም አጭር ረጅም። «የሚሰማኝ ካለ ይመልስልኝ እያለ ነው» አሉኝ። ትንሽ አዳመጡና ሁለት አጭር ጨመሩ። «የጥሪ ስሙን በ‹አይ› ፊደል ጀመረ። ጣሊያን ነው።»