የሎንግቹዋን አረንጓዴ ስኒ በደብረ ማርቆስ ቡና

ቡና አፍልቼ ነው የምተዳደረው። ስለዚህ ስኒ ሲባል ጆሮዬን አቆማለሁ። የአክስቴ ልጅ ለዕቃ ግዢ ቻይና፣ ዪዉ ከተማ ይመላለሳል። በዚያው በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ሎንግቹዋን የምትባል ከተማ አለች። ሰሞኑን ወደዚያ ጎራ ብሎ ከአንድ አዛውንት ሸክላ ሠሪ ቤት ሁለት ዓይነት ስኒ አመጣልኝ። የአንዱ ዋጋ 180 ዩዋን ነው። በዚህ ገንዘብ እዚህ ስንት ስኒ ከነረከቦቱ እንደሚገዛ አስቡት። እኔም ምሕረት ሳላደርግ ፈተንኩት።

ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ቻይኖቹ ጥሬ ፕሪም ይመስላል ይላሉ። ቀለም ተቀብቶ አይደለም። ድንጋይና የተክል አመድ ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጣል። ስኒው እሱን ይለብስና እቶን ይገባል። ሙቀቱ 1300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ልባሱ ቀልጦ መስታወት ይሆናል። ውስጡ ጥቂት ብረት አለ። እቶኑ አየር ሲነፈግ ያ ብረት አረንጓዴ ያወጣል።

ይህን ጀበና ለምትሠራልኝ እትዬ ነገርኳት። ምንም አልገረማት። «እኔስ ጀበናውን በምን የማጠቁረው መሰለሽ? ትኩሱን በገለባ አፍኜ እኮ ነው» አለችኝ። ከዚያ ስኒውን አንስታ በጥፍሯ ኳ አደረገችው። ድምፁ ረዘም ብሎ ጮኸ። «ይኼ እሳት ጠግቧል። የእኛ በኩበት ከየት ይጠግባል?» አለች።

የሎንግቹዋን የሸክላ አተኳኮስ እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ሙያው ከ960 እስከ 1279 በነበረው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ገኖ ነበር። ኋላ ተዳክሞ በ1950ዎቹ መንግሥት እንዲያንሠራራ አደረገው። ዛሬ እዚያ አገር የተዋጣለት ሸክላ ሠሪ ከመንግሥት ማዕረግ ይሰጠዋል። እትዬ ገበያ ላይ ከኋላዋ ምን እንደሚባል ግን ጎጃም ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጀበናዋ የሌለበት ቤት ደግሞ የለም።

ወደ ቡናው ልመለስ። ስኒው ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። የጮቄ ንፋስ ለሚገርፈው ለእኛ ከተማ ይህ ሸጋ ነገር ነው። ግን ይከብዳል። ከተለመደው ስኒም ሰፋ ስለሚል ከአንድ ጀበና የሚወጣው ሲኒ ይቀንሳል፤ ለነጋዴ ኪሳራ ነው። ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ቡና አረንጓዴው ላይ ሲቀዳ መልኩ ይዳፈናል። አቦሉ መወፈሩን፣ በረካው መቅጠኑን ደንበኛ በዓይኑ መለየት አይችልም። ለዚህ ነጩ ስኒ ይበልጣል።

የጦስኝ ሻይ ሲቀዳበት ግን ሌላ ዕቃ ነው። ሻይው ያበራል። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ስኒውን ነው የሚያየው።

ስለ ሁለቱ ዓይነት ልንገራችሁ። በትውፊቱ የታላቅና የታናሽ ወንድም ሥራ ይባላሉ። የታላቅየው አፈሩ ጠቆር ያለ ነው፤ ላዩም በቀጫጭን ስንጥቅ ተሸፍኗል። ስንጥቁ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ሲቀዘቅዝ ልባሱ ከአፈሩ ይበልጥ ስለሚኮማተር ይተረተራል። ሻይ ገብቶ መስመሮቹን ሲያጠቁራቸው እዚያ ያሉ ሻይ ጠጪዎች ደስ ይላቸዋል። የእኔ ደንበኞች ግን «አላጠበችውም እንዴ?» ብለው ይተያያሉ። በሳሙናም አይለቅም። የታናሽየው ላዩ ልሙጥ፣ ልባሱ ወፍራም ነው፤ ታጥቦ ይጠራል።

የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ የታናሽየውን ይያዝ። ሲገዛ ገልብጦ እግሩን በጣቱ ይዳስስ። ልባስ ያልነካው ጠርዝ ሻካራ ከሆነ ረከቦት ይቧጭራል። ፍም አጠገብም አታስቀምጡት። እሳት ጠግቧል ማለት ድንገተኛ ሙቀት ይችላል ማለት አይደለም።

ለሥራ ቦታ አልመክረውም። ለቤት ግን አዎ። ለሚቀጥለው ጉዞ አራት ልሙጥ አዝዣለሁ። ከአክስቴ ልጅ ጋር በትርፉ ገና አልተስማማንም።