ኤክስቼንጅ ላይ ያስገባችሁት ዩኤስዲቲ የት ነው ያለው? ከሐዋሳ የተጻፈ ግምገማ

ሐዋሳ ውስጥ ለውጭ ደንበኛ ዲዛይንና ኮዲንግ የሚሠራ ልጅ በዝቷል። ክፍያው ብዙ ጊዜ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) ነው የሚመጣው፣ የሚያርፈውም ኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚገዛበት፣ የሚሸጥበትና የሚቀመጥበት ድርጅት) ላይ ነው። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። የምጠቀመውን ኤክስቼንጅ ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም የምለው አብዛኞቹን የሚነካ ነው።

ማስገባቱ ላይ ምንም አቃቂር የለኝም። አድራሻውን ኮፒ አድርጌ ለደንበኛው እልካለሁ፣ ዩኤስዲቲ ከሚላክባቸው ኔትወርኮች አንዱ በሆነው በትሮን ከላከልኝ ቡናው ገና አቦል ላይ እያለ ገንዘቡ ይገባል። ኔትወርኩን ማመሳከር ግን ግድ ነው። እንደ ኤክስአርፒ ያሉት ሌሎች ክሪፕቶዎች ላይ ደግሞ ብዙ ተጠቃሚ አንድ አድራሻ ስለሚጋራ ታጉ (የእያንዳንዱን ሰው ሂሳብ የሚለየው ቁጥር) ከተረሳ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ሲስተሙ አያውቅም፣ ከዚያ በኋላ ከሰፖርት ጋር መጨቃጨቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያ አድራሻ ለእናንተ ይሰጥ እንጂ ቁልፉ (ገንዘቡን ማንቀሳቀስ የሚያስችለው ምስጢራዊ ኮድ) በኤክስቼንጁ እጅ ነው። የገባው ዩኤስዲቲ እዚያው አይቀመጥም፤ ተጠርጎ ከሌላው ሰው ገንዘብ ጋር ወደ ትልቅ የጋራ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ይሄዳል፣ ለዕለት ወጪ የሚበቃው ኢንተርኔት ላይ ባለው ሆት ዋሌት ይቀራል፣ የቀረው ከኢንተርኔት ውጭ ኮልድ ዋሌት ይገባል። ስልካችሁ ላይ የምታዩት ቁጥር የነሱ መዝገብ ላይ የተጻፈ ነው። «ይህን ያህል ዕዳ አለብን» ማለት ነው፣ ሌላ አይደለም። መዝገቡ እውነት እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም።

እውነት ያልሆነበት ጊዜ ግን አለ። ኤፍቲኤክስ የሚባለው ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሲወድቅ የደንበኞቹ ገንዘብ አላሜዳ ለሚባለው እህት ድርጅቱ ተሰጥቶ ነበር፤ አፑ ላይ ግን ቁጥሩ ሙሉ ነበር። በ2014 የፈረሰው ሌላው ኤክስቼንጅ ማውንት ጎክስ ወደ 850,000 ቢትኮይን ጠፋብኝ አለ፣ ደንበኞቹ ቢትኮይን ሲመለስላቸው ማየት የጀመሩት በ2024 ነው። አሥር ዓመት! ባይቢት የሚባለው ኤክስቼንጅ ግን በየካቲት 2025 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኢተር የሚባል ክሪፕቶ፣ ያውም ከኮልድ ዋሌት ተሰርቆበት፣ ማውጣት አልዘጋም፤ ተበድሮም ቢሆን ጉድለቱን ሸፈነ። ይህን ማድነቅ ይገባል።

ከኤፍቲኤክስ በኋላ ብዙዎቹ «ፕሩፍ ኦፍ ሪዘርቭ» (የደንበኞቻችንን ገንዘብ የሚያህል ክሪፕቶ በእጃችን አለ የሚል ማረጋገጫ) ማውጣት ጀምረዋል። የእኔም አለው፣ ቀሪ ሂሳቤ ድምሩ ውስጥ መኖሩን ራሴ አይቻለሁ። ጥሩ ጅምር ነው። ግን የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ ድርጅቱ ከሌላ ቦታ ስንት እንደተበደረ አይነግረኝም።

የተናደድኩት ማውጣቱ ላይ ነው። የደንበኛዬ ክፍያ ያለ አንዳች ጥያቄ ገባ፣ ወደ ራሴ ዋሌት ልልክ ስል «በምርመራ ላይ» ተባልኩ። የገንዘቡን ምንጭ፣ ውሉን፣ ከደንበኛው ጋር የተጻጻፍነውን ሁሉ ጠየቁኝ። ሰፖርቱ አንድ ዓይነት መልስ እየደጋገመ አደከመኝ። በመጨረሻ ለቀቁልኝ። የተሰረቀ ክሪፕቶ ስለሚዘዋወር ማጣራታቸው ትክክል ነው፣ ግን ሲገባ ዝም ብሎ ተቀብሎ ሲወጣ በሩን መዝጋት ምን ይባላል? የቤት ኪራዩን ከዚያ የሚከፍል ሰው አለ እኮ።

አቤት የምንልበትም የለም። ፒያሳ ሄደን የምናንኳኳው ቅርንጫፍ የላቸውም፣ ብሔራዊ ባንክም በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ባንክ ያስቀመጥነው ቢያንስ እስከ 100,000 ብር የተቀማጭ መድን አለው። እዚህ ምንም የለም።

አፑ ላይ ያለውን «ኧርን» (ወለድ አግኙ) የሚል አዝራር ደግሞ ውሉን ሳታነቡ አትንኩት፣ በብዙ ቦታ ገንዘባችሁን ማበደር ነው። ሴልሲየስ የሚባለው አበዳሪ ሲከስር ዳኛው በጥር 2023 በኧርን ሂሳብ የገባው የድርጅቱ ንብረት ነው ብለው ወሰኑ።

ስለዚህ እኔ እንደ መተላለፊያ ነው የምጠቀመው። ለሳምንቱ የሚያስፈልገኝ እዚያ ይቆያል፣ የቀረው ቁልፉ በእጄ ወዳለው ዋሌት ይሄዳል፣ ዋሌቱን መልሰው የሚከፍቱት 12ቱ ቃላት ወረቀት ላይ ተጽፈው ቤት አሉ። ለማስገባቱ 5 ከ5፣ ለማውጣቱ 2 ከ5። ምን ሰነድ እንደሚጠይቁ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ከነገሩንና ዕዳቸውንም ካሳዩን ሁለተኛውን ቁጥር በደስታ ከፍ አደርገዋለሁ።