ሮዝሴይ ወደብ ላይ ሽንት ቤት ለሚጠብቁት ሴትዮ

ምስጋናዬ ለሽንት ቤት ጠባቂ ነው። አትሳቁ፣ መጀመሪያ አንብቡ።

እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀኝ ግላስጎው መጥታ ነበር። በሳምንቷ ፎቅ ማየት ሰለቻትና «ውሃ አሳየኝ» አለችኝ። ከግላስጎው ሴንትራል ባቡር ይዘን ዊምስ ቤይ ወረድን። ጣቢያው በ1903 የተሠራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጣራው መስታወት ነው። ለእሱ ብቻ እንኳን ቢኬድ አያስቆጭም። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ጀልባው ይገባል። 35 ደቂቃ ተጉዘን ቢዩት ደሴት ላይ ያለችው ትንሿ ከተማ ሮዝሴይ ደረስን።

እማዬ ጀልባው ውስጥ ሽንት ቤት አልገባም አለች። «እየተወዛወዘ? ሞቼ ነው!» ስንወርድ ግን ፊቷ ጠቁሯል። ደግነቱ ሽንት ቤቱ እዚያው ወደቡ ላይ ነው። ችግሩ መግቢያው በሳንቲም ነው፣ እኔ ደግሞ ካርድ ብቻ ይዣለሁ። በሩ ላይ ያሉት ሴትዮ አንዴ እማዬን አዩና «ይግቡ፣ ይግቡ» ብለው እጇን ይዘው አስገቧት።

በዚህ ቢያበቃ እንኳን አመሰግናቸው ነበር። እማዬ ስትወጣ ግን «የወንዶቹን ሳታዩማ አትሄዱም» አሉን። ሰው አለመኖሩን አረጋግጠው እናቴን ወንዶች ሽንት ቤት አስገቡልኝ! በ1899 የተሠራ ነው። የመዳብ ቧንቧው ያብረቀርቃል፤ የውሃ መያዣው ጎኑ መስታወት ስለሆነ ውሃው ይታያል። ያኔ የተሠራው ለወንድ ብቻ ነበር፤ የሴቶቹ በኋላ የተጨመረ ነው። እማዬ ዞር ዞር ብላ አየችና «ከእኔ ሳሎን ይሻላል» አለች። ተረጎምኩላቸው፣ ከት ብለው ሳቁ።

ለሽንት ቤት ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? ብዬ ጠየቅኳቸው። ያኔ በሐምሌ የግላስጎው ፋብሪካዎችና መርከብ መሥሪያዎች ለዕረፍት ሲዘጉ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ በእንፋሎት መርከብ የክላይድን ወንዝ ቁልቁል ይወርድ ነበር። «ዱን ዘ ዋተር» ይሉታል፣ ወደ ውሃው መውረድ እንደማለት። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚራገፈው እዚህ ወደብ ላይ ነበር። በኋላ ርካሽ በረራ መጣ፣ ሰውም ፀሐይ ፍለጋ ስፔን ሄደ። ከተማዋ ቀዝቀዝ ያለችው ከዚያ ወዲህ ነው። ለእኔ ግን ደስ የምትለው በዚሁ ነው። ግፊያ የለም፣ የባሕሩ ዳር ለእግር ይመቻል።

ቀጥሎ የት እንሂድ ስላቸው ወደ ከተማዋ የድሮ ግንብ ጠቆሙን። ቅርብ ነው፣ እማዬም በእግሯ ቻለችው። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ግድግዳው ክብ ሆኖ ዙሪያውን ውሃ ከቦታል። በ1230 ኖርዌጂያኖች ግድግዳውን በመጥረቢያ ፈልፍለው ገብተዋል ይባላል። እማዬ ይህን ስትሰማ «የፋሲል ግንብ ቢሆን መጥረቢያቸው ይሰበር ነበር» አለች። የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ስኮትላንድ ውስጥ የሮዝሴይ ዱክ እንደሚባል ነገርኳት፤ እሱ ብዙም አልደነቃት።

ማታ ሳንቲም ዘርዝሬ ልከፍል ስመለስ በሩ ተዘግቷል። እማዬ ልትሰጣቸው የያዘችው ቆሎም በቦርሳዋ ቀረ።

ግላስጎውም ሆነ ኤደንብራ ያላችሁ፣ ቤተሰብ ሲመጣባችሁ እዚያ ውሰዱ። ሴትዮዋን በሩ ላይ ካገኛችኋቸው ቆሎ ይዛላቸው በነበረችው እናቴ ስም ሰላም በሉልኝ። የሁለት ሰው ሂሳብም ጨምራችሁ ክፈሉልኝ፣ እመልስላችኋለሁ።